በልክ የተሰፋች ጀልባ

ሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከባሏና ከልጇ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። የቀረው ሁሉ «ተርታሪዋ» ነው የሚላት። ሙያዋ ልብስ መስፋት ሆኖ ሳለ ስሟ በመተርተር መውጣቱ የማያውቃትን ግራ ያጋባል። ለሚያውቃት ግን ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝላትም። ይህች ሴት የተሰፋ ነገር ካየች እንዴት እንደተሰፋ ሳታውቅ እህል ውሃ አይዋጥላትም። የማወቂያ መንገዷ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ምላጭ ታነሳና ትተረትረዋለች።

ገና ሙያውን በምትማርበት ዘመን አንድ ዳኛ ቁልፍ የወለቀበት ኮት ይዞ መጣ። ዳኛው ሊወስደው ሲመለስ ኮቱ እጅጌው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ፣ ገበሩ ለብቻ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው። አሠሪዋ የምትገባበት ጠፋት። እሷ ግን ዓይኗ እያበራ፣ «ኮሌታው ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አወቅኩ! ውስጡ ሌላ ጨርቅ አለ!» አለች፤ ዳኛው እንኳን ደስ ያለሽ እንዲላት የጠበቀች ይመስል። መልሳ ሰፋችው። ዳኛውም ለብሶት ትከሻውን ወዲያና ወዲህ ካደረገ በኋላ ከበፊቱ እንደሚመች ሳይወድ በግዱ አመነ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ? እሷ የምትጠይቀው በምላጭ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ባሏ ደግሞ ተቃራኒዋ ነው። ጀልበኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከሐይቁ ወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ሲያሻግር የኖረ። የሐይቁ ዳር ወጣቶች በአረማመዱ የተነሳ «ካፒቴን» ይሉታል፤ ደረቱን ነፍቶ ሲመጣ ከኋላው መርከብ ያለው ነው የሚመስለው። «ለምን» የሚባል ቃል ግን በአፉ ዞሮ አያውቅም። «ውሃው ጠዋት ጠዋት ለምን ይረጋል?» ብትለው «እሱ እንዲያ ነው» ይላል። «ንፋሱ ከሰዓት ለምን ይዞራል?» ብትለው፣ አሁንም «እሱ እንዲያ ነው»። እሷ ለምን ስትል፣ እሱ እንዲያ ነው ሲል ልጅ አሳደጉ፤ ፀጉራቸውም እኩል ሸበተ። እውነት ለመናገር ተስማምተው ነው የኖሩት።

ከዚያ በሽታው መጣ። ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ግራ እጁ እምቢ አለው። ሐኪም ቤት ተኛ፣ ተሻለው፣ ተነሳ። አንደበቱም ተመለሰ፣ እግሩም ተመለሰ። ግራ እጁ ብቻ እንግዳ ሆኖ ቀረ። የታዘዘውን ይሠራል፤ ግን ዘግይቶና አሳንሶ ነው። ግራ ትከሻውም ከቀኙ ዝቅ አለ። ይህን ማንም ልብ አላለውም፤ ልብስ ሰፊ ግን ከሰው ፊት ቀድሞ ትከሻውን ነው የሚያየው። ኮቱ በግራ በኩል ተንጠልጥሎ ስታየው አንጀቷን በላው።

አንድ ቀን እሱ ለክትትል ሐኪም ቤት ሲሄድ ኮቱን አወረደች፤ የግራ ትከሻውን ተረተረች፤ ከውስጥ ስፖንጅ ደረበችና ምልክት ሳይኖረው መልሳ ሰፋችው። በማግስቱ ካፒቴኑ ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ። ወደ ጎን አየ፣ ፊት ለፊት አየ።

«አየሽ? ትከሻዬ ተመለሰ» አላት።

«ተመልሷል» አለችው፤ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዙራ ክር እያስገባች።

የተሰፋን ነገር ሁሉ ከፍታ ካላየች የማያስችላት ሴት፣ ይህን አንዱን ሰፍታ ዘጋችው።

ትከሻው የተመለሰ የመሰለው ሰውዬ ታዲያ ውሎ አላደረም፤ ጀልባውን ገፍቶ ውሃ ውስጥ ገባ። እሷ ከዳር ቆማ ታያለች። ቀኝ እጁ መቅዘፊያውን ይስባል፣ ግራው ይለማመጣል። ጀልባዋ ወደ ፊት መሄዱን ትታ እንደ ወፍጮ አህያ ባለችበት ትዞር ጀመር። መጀመሪያ የሳቀ አልነበረም። ሁለተኛ ዙር ስትጀምር ግን ዳር ከታሰሩት የሞተር ጀልባዎች አንዱ ላይ የነበረ ጎረምሳ፣ «ካፒቴን! የወደቀብህ ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። በዚህ ጊዜ ዳር ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ሳቅ ግን ክፋት ባይኖረውም ይሰማል።

ካፒቴኑ እንደምንም ዳር ደረሰ። ጀልባዋን አሸዋው ላይ ገለበጣትና ከመንገዱ ዳር ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ። በማግስቱም እዚያው። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ሙቀቱ መጥቶ ሄደ፣ እሱ ኮቱን ለብሶ እዚያው ነው። እቤት ሲገባ ይበላል፣ ይተኛል። ደረቱን መንፋቱ ቀረ። እሷ ከመኪናዋ ኋላ ሆና በመስኮት ታየዋለች። ይህ ሰው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ሊያልቅብኝ ነው ብላ ፈራች። ሕመሙን እንደዚህ አልፈራችውም ነበር።

ስትፈራ ደግሞ እጇ ምላጭ ነው የሚፈልገው። አንድ ከሰዓት የተገለበጠችው ጀልባ አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ጀልባዋ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ የማታውቃት አዲስ ሴት መሰለቻት። ጠጋ ብላ አየቻት። ሚስማር የለም! ጣውላና ጣውላው ጠርዝ ለጠርዝ ተገናኝቶ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ ባለፈ ሲባጎ ከአፍ እስከ አፍ ተሰፍቷል። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀዝፍ የኖረው ስፌት ላይ ተቀምጦ ነው፤ እሷ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ይህን ሳታውቅ አብራው አርጅታለች።

«እንዲያው እንዴት ያለ ሰው ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አይነግረኝም?» አለችና ምላጯን አወጣች።

ጥቂት ልትፈታና ልትመልሰው ነበር ሐሳቧ። ነገር ግን ከውሃ የራቀ እንጨት ይደርቃል፤ የደረቀው ይሰነጠቃል። ስፌቱ በላላ ጊዜ ጣውላዎቹን የሚይዝ ሚስማር ስላልነበረ፣ አንዱ ጣውላ ሲወድቅ ሌላውን አስከትሎ፣ ጀልባ የነበረው ነገር የማገዶ ክምር ሆነ። ቀና ስትል ባሏ በላይዋ ቆሟል።

«ጀልባዬን ተረተርሻት?»

«ውስጧን ልይ ብዬ እኮ…»

 ቢሰድባት በወደደች። ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ከዚያን ቀን ጀምሮ ከ«እሺ» እና ከ«በቃኝ» በቀር ቃል አይወጣው ጀመር። አሁን እንግዲህ የሷ ጭንቀት ሁለት ሆነ። ባሏን ወደ ውሃው መመለስ አለባት፤ ወደ ውሃው የሚመልሰውን ነገር ደግሞ በገዛ እጇ በትናዋለች።

ነገሩን ለልጇ ነገረቻት። ልጇ ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው። ሳምንት ሳይሞላ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት በብብቷ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ አንድ ኢንጂነር ደንበኛ አለን። የሐይቁን ዳር የድሮ ጀልባዎች እየዞረ እየለካ ፕላን ያወጣል፣ እንዳይጠፉ ብሎ። የእናቴን ጉድ ነገርኩትና አንድ ቅጂ ፈቀደልኝ። የሚሰፋው ዓይነት ነው።»

ወረቀቱን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉትና አራቱን ጠርዝ በመቀስ፣ በካውያ፣ በክር ማስቀመጫና በሻይ ብርጭቆ ያዙት። ልጅቱ ጎንበስ ብላ ስታይ ክው አለች።

«ውይ! ግማሹ ሳይታተም ቀርቷል! የግራው ጎን ብቻ ነው ያለው።»

ተርታሪዋ ሳቀች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። «አንቺ የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ጨርቅ ታጥፎ ሲቆረጥ ቅዱ የግማሹ ብቻ ነው። ሁለቱ ጎን አንድ ከሆነ ለምን ሁለቴ ይሳላል?» ከዚያ ጣቷን መስመሩ ላይ እያሄደች፣ «እኔ ግን ሁለት ጎኑ አንድ የሆነ ሰው ለክቼ አላውቅም» አለች፤ ለራሷ የምትናገር ነው የምትመስለው።

ፕላኑን እንደ አዲስ ፋሽን አገላብጣ አጠናችው። ጀልባዋ ፊትና ኋላ የላትም፤ ሁለቱም ጫፎቿ ሹል ናቸው። መካከል ላይ አንድ መቀመጫ አለ። መቅዘፊያው የሚደገፍባቸው አጫጭር እንጨቶች የሚሰኩበት ቀዳዳ ግን በመቀመጫው ፊትም በመቀመጫው ኋላም ተስሏል። ይህ አልገባትም። ያልገባትን ደግሞ ይዞ መተኛት አይሆንላትም። በቁርስ ሰዓት፣ ባሏ ጀርባውን ሰጥቶ ሻዩን ሲጠጣ፣ ጥያቄውን ለግድግዳው አቀረበች።

«እንዲያው አንድ ሰው ነው የሚቀዝፈው፤ ቀዳዳው ምን ሊሆን በሁለት ቦታ ይበሳል?»

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንዲሉ፣ ካፒቴኑ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አነሳና አስቀመጠ። በመጨረሻ አላስችል አለው።

«ሸምበቆ መሃል ስትገቢ መዞሪያ የለም። እንጨቱን ነቅለሽ በሌላው ቀዳዳ ትሰኪና ዞረሽ ትቀመጫለሽ፤ ኋላው ፊት ይሆናል። አባቴ 'ጀልባ ከሚዞር ቂጥ ይዙር' ይል ነበር።» ይህን ብሎ እንደገና ዘጋ። ያም ቢሆን ከ«በቃኝ» ይሻላል ብላ በልቧ ደስ አላት።

ሥራው በግቢዋ ተጀመረ። ጣውላውን ያገኘው ከመንገዱ ማዶ ያለው አናጢ ነው፤ አንድ የቆየ መጋዘን ሲፈርስ ደርሶ ነው ደህና ደህናውን የለቀመላት። አናጢው በርና አልጋ እንጂ ጀልባ ሠርቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ኋላ እንዳልወቀስ! እኔ የሠራሁት ነገር እስከዛሬ ተንሳፍፎ አያውቅም» አላት።

«የሠራህልኝ በር ዝናብ በመጣ ቁጥር ያብጣል። የውሃ ነገር ይወዳል ማለት ነው፤ አይዞህ» አለችው።

ክፍፍላቸው ቀላል ነበር። እሷ ከፕላኑ ላይ የእያንዳንዱን ጣውላ ቅድ በወረቀት ታወጣለች፤ ወረቀቱን ጣውላው ላይ ታስርና በጠመኔ ዙሪያውን ትሰምራለች። አናጢው ጠመኔዋን ተከትሎ ይቆርጣል፤ ጠርዙን ይልጋል፤ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ይበሳል። ከዚያ እሷ ትሰፋለች። በተርታሪዋ እጅ እንጨት ጨርቅ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው በፈላ ውሃ ያራሱትን ጣውላ ስታጎብጠው፣ ጠፍጣፋው ነገር ቀስ እያለ ሆድ ሲያወጣ ስታይ በደስታ ትጮህ ነበር። ጠፍጣፋ ጨርቅ ደረትና ዳሌ የሚያወጣው በጠርዙ መጉበጥ መሆኑን ታውቃለች፤ እንጨትም በዚያው ሕግ መገዛቱን ግን ማን ነግሯት!

አንድ ቀን ሲባጎው ከእጇ እየተበጠሰ ሲያስቸግራት ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ተሰማ።

«በደረቁ አይሰፋም። ይነከር።»

ካፒቴኑ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው፤ ለአጥሩ የተናገረ እንጂ ለሷ የተናገረ አይመስልም። ነከረችው። ስፌቱ ሲደርቅ ራሱን አጠበቀና ጣውላና ጣውላው መሃል ጥፍር የማይገባ ሆነ። አናጢው በአገጩ ወደ አጥሩ እያመለከተ ሳቀ፤ እሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው።

የቀኙን ጎን ሰፍተው ጨረሱ። ስፌቱን በጥጥ ጠቀጠቁት፤ ሙጫ አጠጡት። አናጢው የግራውን ጣውላ ከመቁረጡ በፊት ለማንኛውም ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሮ፣ ከክሩ እስከ ጎኑ ያለውን ስፋት ከፕላኑ ጋር አስተያየ። ደግሞ አስተያየ። ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

«እትዬ… ይህ ጎን ወፍሯል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መሃሉ ላይ እጅግ ወፍሯል። እኔ ጠመኔውን ተከትዬ ነው የቆረጥኩት፣ ማርያምን!»

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ጣውላዎቹን ለካች፣ ፕላኑን አየች። እያንዳንዱ ጣውላ በሁለቱም ጠርዙ ከልኩ ትንሽ ትንሽ ይሰፋል። አንድ ላይ ሲደመር ጎኑ ሆዱን ነፍቷል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባትና የእንጨት ብናኙ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ለስፌት ተውኩለት» አለች።

«ምኑን?»

«ትርፍ! ጨርቅ ሲቆረጥ ለስፌት ትርፍ ይተዋላ! ወደ ውስጥ የሚታጠፈው! እጄ ሳላዘው ተወው።»

አናጢው ጣውላውን በጣቱ አንኳኳ። «ይህ የቱ ጋ ነው የሚታጠፈው?»

አስር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥን ለስንቱ ተለማማጅ ያስተማረች ሴት፣ አስር ጊዜ ለክታ አስር ጊዜ ተሳሳተች። ጠርዙ ተልጎ እንዳይቀነስ ቀዳዳዎቹ ያሉት ጠርዙ ላይ ነው፤ መላግ ማለት ቀዳዳውን መብላት ነው። ግራውንም እኩል እንዳታሰፋው የተረፈው ጣውላ ለልኩ እንጂ ለስህተት አይበቃም። ፈርሶ የሚሸጥ መጋዘን ደግሞ በየቀኑ አይገኝም።

ጩኸቱን ሰምቶ ካፒቴኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሥራው ቦታ ገባ። ጀልባዋን ዞር ዞር ብሎ አያት። ቀኝ መዳፉን በወፈረው ጎን ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈ፤ ልክ የታመመ ከብት እንደሚዳብስ።

«በአንድ ጎኗ ነው ያረገዘችው» አለ። ከዚያ በዝግታ፣ «ይህች ትዞራለች። እኔንና እሷን አንድ ላይ ካስገባሽን ማን ይበልጥ እንደሚዞር ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል» አለ።

ስለ መዞሩ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ሲወጣ ትከሻው ኮቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከኮቱ በታች ያለው ሰውዬ ግን ጎብጧል። ተርታሪዋ ከዚያን ቀን በፊት በሥራዋ አልቅሳ አታውቅም። ያን ቀን አለቀሰች።

አናጢው ነገ ይሻላል ብሎ ሊሰናበት ሲል አስቆመችው። «የግራውን በልኩ እንቁረጥ» አለችው። «አንዴ የተጀመረ ልብስ እጅጌው ቢበላሽ እንኳ ተሰፍቶ ነው የሚታየው።» ምን እንደምታይ አላወቀችም። ይህች ጀልባ ውሃ ላይ ምን ትሆናለች የሚለው ጥያቄ ግን ከሐዘኗ እኩል ይበላት ነበር፤ ምን ታድርግ፣ አፈጣጠሯ ነው። ግራው በልኩ ተሰፋ። ከውስጥ የሚደግፏት ጎን አጥንቶቿ ገቡ፣ መቀመጫው ተገጠመ፣ ቀዳዳዎቹ በሁለቱም ቦታ ተበሱ። አናጢው ከሁለቱ ጫፎች ወደ ግቢው በር የዞረውን አንዱን መርጦ የገመድ ቀለበት መታበት፤ እንዲሁ ለማውጣት ስለቀረበው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። በዚያ ሰበብ ያ ጫፍ አፍንጫ ተባለ።

ጀልባዋ በጎረምሶች ትከሻ ሐይቁ ዳር ስትደርስ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ውሃው ላይ አኖሯት። ወደ ወፈረው ጎኗ ጥቂት አዘንበል ብላ ቆመች፤ ግን ጠብታ አላስገባችም። አንድ የሞተር ጀልባ ልጅ ሱሪውን ሰብስቦ፣ «እስቲ እኔ ልሞክራት!» ብሎ አንድ እግሩን አነሳ።

«አውርድ እግርህን!»

ሰዉ ዞር አለ። ካፒቴኑ ከድንጋዩ ተነስቷል።

«ሚስቴ የሰፋችውን ማንም ቀድሞኝ አይለብስም» አለ። ኮቱን አወለቀና ሳያያት ለሚስቱ አቀበላት። በሸሚዝ ሲቀር ግራ ትከሻው መውደቁ ለሁሉም ታየ። አፍንጫ የተባለውን ጫፍ ወደ ማዶ አቀና፤ እንጨቶቹን ሰካ፤ ተቀመጠ፤ ቀዘፈ።

ዞረች። እንደ ድሮዋም አይደለም የዞረችው፤ ቸኩላ ዞረች። ቀኝ እጁ አንድ ጊዜ በሳበ ቁጥር አፍንጫዋ ተጠምዝዞ ወደ ዳር ይመለሳል። ጥርሱን ነክሶ ግራውን ሲያስገድድ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አመለጠው። ሌላው ተከተለ። ተርታሪዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይህን ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንዳያልቅ ብላ፣ ደግማ ለሳቅ አውጥታ ሰጠችው።

ኮቱን ደረቷ ላይ ጨምድዳ ይዛዋለች። ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ስፌቱን ይዳብሳሉ፤ ሲዳብሱ ግራው ትከሻ ላይ ስፖንጁን አገኙት። ቆሙ። ስፖንጁን ጫን አደረገችው። ጀልባዋን አየች፣ ባሏን አየች። የነፋው ጎን በየት በኩል ነው? በቀኙ በኩል፣ በብርቱው እጅ በኩል። ይህማ ደህናው ትከሻ ላይ ስፖንጅ መደረብ ነው! የትኛው ጀማሪ ነው እንዲህ የሚሰፋው? የሚደረበው በወደቀው ነው!

እንዲህ ብላ እንዳትጮህ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ እሱም ይሰማል። ጫማዋን እንዳደረገች ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች።

«አንተ ሰውዬ! ዙር!»

«እየዞርኩ አይደለም እንዴ!» አላት፤ በንዴት ድምፁ ተሰንጥቆ።

«እሷን አይደለም! አንተ ዙር! አባትህ ያለውን አድርግ!»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። መቅዘፊያዎቹን ጉልበቱ ላይ አስተኛ። እንጨቶቹን ነቀለ፤ ባንድ እጁ እየተንፏቀቀ በሌላው ቀዳዳ ሰካቸው፤ ተነስቶ፣ ተንገዳግዶ፣ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። አፍንጫ የተባለው ኋላ ሆነ። የነፋው ጎን ወደ ግራው፣ ወደ ሰነፉ እጅ መጣ። ሳበ።

ጀልባዋ ልትዞር አለችና ተወችው። ደግሞ ሳበ። ቀኙ ሊያጣምማት ሲገፋ፣ የነፋው ጎኗ ደግሞ መልሶ ያቀናታል። እንደገና ሳበ። ሸምበቆውን አለፈች፣ የታሰሩትን የሞተር ጀልባዎች አለፈች፤ ከኋላዋ የሚቀረው የውሃ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ አለ። ዳር ላይ የሚስቅ ጠፋ። ካፒቴኑ ፊቱ ወደ ዳር፣ ወደሷ ነውና ታየዋለች፤ ደረቱ ቀስ በቀስ ሲነፋ ታየዋለች። እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ማዶ ደረሰ።

ሲመለስ አብዛኛው ሰው ወደየሥራው ሄዷል። እሷ ግን ከቆመችበት ፈቀቅ አላለችም፤ ቀሚሷም አልደረቀም። ጀልባዋ አሸዋውን ነክታ ቆመች። እሱ ግን አልወረደም። ከላይ ከላይ እየተነፈሰ፣ የነፋውን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ለምን ቀናች?» አላት።

ከተጋቡ ጀምሮ ከዚህ ሰው አፍ «ለምን» ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።  መልሱ እጇ ላይ ነው፤ ሊነገር ግን የተዘጋው መከፈት አለበት። ምላጯን ከኪሷ አወጣች። ኮቱን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ዘረጋች፤ የግራ ትከሻውን ስፌት ክር በክር ተረተረችና ስፖንጁን አውጥታ በመዳፏ ያዘችለት። እንባዋ ወረደ።

ካፒቴኑ ስፖንጁን አየው። አንስቶ ጨመቅ አደረገው።

«ይህንንማ አውቃለሁ» አለ። «መጀመሪያ ዝናብ የመታኝ ቀን፣ ሁሉ ነገሬ ደርቆ ይህ ትከሻ እስከ ማግስቱ ሲንጠባጠብ ዋለ። እኔ የጠየቅኩሽ የጀልባዋን ነው።»

«አውቀህ ነው? ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እሱ እንዲያ ነው» አላት። ስፖንጁን እንድትቀመጥበት ፊት ለፊቱ አኖረላትና ደህናውን እጁን ዘረጋ። «ይልቅ ግቢና እየሄድን ንገሪኝ።»